ባለማንኪያው ሌባ እና ሁለተኛው አፍ

፩

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ ጋሼ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

ማንም አልሞተም።

ማለቴ፣ የሞተ አለ። ግን ቁጥር አንድ ላይ ሁሉን ዘርግፌው ቁጥር ሁለት ምን ሊበላ ነው?


፪

እሺ፣ በሥርዓቱ።

ቦታው፦ ክቪትሼር። በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ ያለች ደሴት፤ ካርታ ላይ ብትኖር ኖሮ ዝንብ አርፋ የተነሳችበት ነጥብ ትመስል ነበር። የፈጠርኳት እኔ ስለሆንኩ ካርታ ላይ የለችም። ባሕሩን ግን አልፈጠርኩትም። ነፋሱንም። ወፎቹንማ በጭራሽ!

ወቅቱ፦ ግንቦት። በረዶ ሲመጣ ወደ ደቡብ የሸሸ ባለ ክንፍ ሁሉ ጠረፉን ይዞ ወደ ሰሜን የሚንጋጋበት ወር።

እኔ፦ አዜብ። የወፍ ፍልሰት አጠናለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ዶክተር ልትሆን ነው» ትላለች፤ የምን ዶክተር እንደሆነ የጠየቃት የለም፣ እሷም ለማብራራት አልቸኮለችም።

ጋሼ፦ ደምመላሽ። የእናቴ ታላቅ ወንድም። ስሙ ደምመላሽ ይባል እንጂ ትንኝ ነክሳው እንኳ እሱ ነው ይቅርታ የሚጠይቃት። ጡረታ እስኪወጣ ደሴ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበር። «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ቀረ! የሞላ!» እያለ መኪና ያስሞላል፤ አምነው ሲገቡ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። በርገን ያለችውን ነርስ ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ፣ እሷ ዓርብ ቅዳሜ እሁድ ተረኛ ሆነችና «ባክሽ ይዘሽው ሂጂ፣ ንጹሕ አየር ይሳብ» ብላ አስረከበችኝ።

የቀሩትን ሰዎች ሲመጡ አስተዋውቅዎታለሁ። ሁለት ሕያዋን ናቸው። አንዱ አይደለም።


፫
(መመሪያ፦ ባሕር እንዴት ይታያል)

አግዳሚው ላይ ይቀመጡ። አዎ፣ እርስዎን ነው።

ብርድ ልብሱን ጉልበትዎ ላይ ጣል ያድርጉ። ወፍ አይፈልጉ፤ ወፍ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ማዕበል ነው። ሰማይና ባሕር የሚገጥሙበትን መስመር ብቻ ይያዙ። ዓይንዎን አያሯሩጡ። እሱ ራሱ ይመጣል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባሕሩ ነጩ ቦታ ነው። ይሞክሩት፦



                    ˇ



አዩት? አለፈ!

ዓይንዎ ይሠራል ማለት ነው። በዚሁ ይቀጥሉ። በኋላ እፈልግዎታለሁ፤ የምሬን ነው።


፬





፭

ቁጥር አራት ባዶ የሆነው ኮምፒውተሬ በልቶት አይደለም። የኤይሊፍ ቦታ ነው።

አግዳሚው በጀልባ ማቆያው ግድግዳ ጥግ፣ ነፋስ በማይደርስበት በኩል የተተከለ ረጅም ሳንቃ ነው። አቀማመጡ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር፦ ራንዲ፣ ቶርጌር፣ ኤይሊፍ፣ ከዚያ እንደ እኔ ያለ ተማሪ። ራንዲ የወፍ ጣቢያው ኃላፊ ናት፤ ከመሳቋ በፊት ከሆነ ቦታ ፈቃድ የምታወጣ የምትመስል ሴት። ቶርጌር ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ኤይሊፍ ደግሞ የቶርጌር የልጅነት ጓደኛ ነበር። ጥር ላይ ሞተ።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት ይቀበራል። ሳንድዊች ይበላል። እጅ ይጨበጣል፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ስለ አየሩ ሁኔታ ይወራል፣ እስከ ዕለተ ምጽአት። ጨክነው እንዳይመስልዎት። የሰው ቁስል መንካት ነውር ሆኖባቸው ነው። ከጥር ወዲህ ስለ ኤይሊፍ ትንፍሽ ያለ የለም፤ ግን ማንም ቦታው ላይ አልተቀመጠም። በቶርጌርና በእኔ መካከል አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት አለ። ይበርዳል።

አሁን አንድ ደንብ ልንገርዎትና እንቀጥል።

አንድ ወፍ «አለፈ» የሚባለው ሁለት ሰው ሲያየው ነው። የመጀመሪያው የወፉን ስም ይጠራል። ሁለተኛው በገዛ ዓይኑ ሲያገኘው «ታየ!» ይላል። ሁለተኛ አፍ ያላገኘ ወፍ አላለፈም። አናትዎ ላይ ቢያርፍ እንኳ አላለፈም።

የቶርጌር ሁለተኛ አፍ ሁልጊዜ ኤይሊፍ ነበር።

በዚህ ጸደይ ቶርጌር አንድም ወፍ አልጠራም። ይመጣል፣ ቴሌስኮፑን ይተክላል፣ ያያል። ዝም። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው «አፍዎን ይክፈቱ» ሲል የኖረ ሰው የራሱን ዘጋው። ለራንዲ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የጸደዩ የወፍ ቆጠራ እሁድ ሲያልቅ፣ ጠርቼ ሰው ያየልኝ አንድ ወፍ ከሌለኝ ቴሌስኮፔን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። አልመለስም።»

ባሕር ማየት ያስተማረኝ እሱ ነው። ቁጥር ሦስት ላይ ያለው መመሪያ የእኔ መስሎዎት ነበር?


፮
(ንግግር፣ እንደተነገረ። ዓርብ ጠዋት። እኔ ከጀልባዋ ሻንጣ ሳወርድ ጋሼ ቀድሞኝ አግዳሚው ዘንድ ደርሷል።)

ጋሼ፦ (የራንዲን እጅ በሁለት እጁ ይዞ) እግዜር ያጥናችሁ።

ራንዲ፦ (ደህና አደሩ ስትል) ጉ ሞርን።

ጋሼ፦ (ለቶርጌር፣ ጎንበስ ብሎ) እግዜር ያጥናዎት። ነፍስ ይማር።

(ይቀመጣል። ባዶው ቦታ ላይ።)

እኔ፦ (እየሮጥኩ) ጋሼ! ጋሼ ተነስ! እዚያ አይቀመጥም!

ጋሼ፦ ምን ያስሮጥሻል? ለቅሶ ቤት ይሮጣል እንዴ? ማነው የሞተባቸው?

እኔ፦ ማንም! ወፍ እየጠበቁ ነው።

ጋሼ፦ ወፍ?

እኔ፦ ወፍ።

ጋሼ፦ (ቶርጌርን አይቶ፣ ወደ እኔ ዞሮ) አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንት ለቅሶ ደርሻለሁ። ይሄ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው?

ቶርጌር፦ (በኖርዌይኛ፣ ለእኔ) ምንድን ነው የሚለው?

(እዚህ ጋ አንድ ጊዜ ይያዙልኝ። «ደህና አደራችሁ ነው የሚለው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ሁሉም ሰላም ይሆን ነበር፤ ይህ ታሪክም ባልኖረ። ግን እኔን እንደሚያውቁኝ…)

እኔ፦ እግዚአብሔር ያበርታችሁ ነው የሚለው። ሰው የሞተባችሁ መስሎት ነው።

(ባሕር።)

ቶርጌር፦ ማን ነገረው?

እኔ፦ ማንም አልነገረውም።

(ባሕር። ብዙ ባሕር።)

ቶርጌር፦ ኤይሊፍ ይባላል በለው።


፯
(ለጋሼ የቀረበ የመከላከያ ክርክር)

ክቡር ፍርድ ቤት! ደንበኛዬ ከጀልባ ወርዶ ያየውን እንመልከት።

ሰዎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ብርድ ልብስ ደርበዋል። ማንም አያወራም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ምንም ወደሌለበት ያያሉ። አልፎ አልፎ አንዱ አንድ ቃል ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ መልሰው ዝም ይላሉ። ከፔርሙዝ ሻይ እየተቀዳ ይዞራል። የሚስቅ ሰው የለም።

ድንኳን ብቻ ነው የጎደለው።

በዚህ ላይ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልክ ነበር።


፰

ልክ መሆኑን ካወቀ በኋላ ማን ያስቁመው! «እሁድ ሠልስት እናወጣለን» ብሎ ወሰነ። ከቦታውም አልተነሳም። «ሐዘንተኛ አጠገብ ያለ ቦታ ክፍት አይደረግም፣ ብርድ ይገባበታል» አለ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። ቶርጌር ብርድ ልብሱን ገልጦ ግማሹን ለጋሼ አለበሰው።

ከዚያ ጋሼ ከኮቱ ኪስ ካርታ አወጣ።

«ጋሼ፣ ኧረ አይሆንም!»

«ለቅሶ ላይ ካርታ ካልተጫወቱ ምን ሊሠሩ ነው? እርስ በርስ ሊተያዩ?»

ዓርብ ማታ ቶርጌር ኮንከር ተምሯል። ቅዳሜ ጠዋት ካርታውን ሳንቃው ላይ እንደ ደሴ ጎረምሳ እያጮኸ ይመታል። ራንዲ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ባሕሩን ማን እያየ ነው?»

እኔ ነኛ! እኔ እያየሁ ነው! ኧረ እንዴት ያለ ቅዳሜ ነበር!

ወፍ።

ወፍ!

አንገተ ጥቁር ጠላቂዎች፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ስብሰባ የረፈደባቸው ሚኒስትሮች ይመስል አንገታቸውን አስግገው። ዝይዎች፣ እየተጨቃጨቁ። ከአንታርክቲክ የተነሱ ቀጫጭን ነጫጮች፣ የዓለምን ወለል ትተው የዓለምን ጣሪያ ሊነኩ የሚበሩ፣ አንዲቷ እንኳ ደከመኝ የማትል! ከሰማይ እንደተወረወረ ቢላ ባሕር የሚሰነጥቁ ግዙፎች። እኔ እጠራለሁ፣ ራንዲ «ታየ!»፤ ራንዲ ትጠራለች፣ እኔ «ታየ!»፤ ጉሮሮዬ ነቃ፣ ጓንቴ ረጠበ፣ ምሳዬን ረሳሁ፣ እንዲህ እየተከፈለኝ መማሬ ሕጋዊ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

አንዲት ደረቷ ቢጫ የሆነ ትንሽዬ ወፍ እግራችን ሥር አለት ላይ አርፋ ጭራዋን አወዛወዘች። ጋሼ ካርታውን ጣለ።

«ይቺ የሐይቅ ልጅ ናት! ሐይቁ ዳር ከብት እግር ሥር ስትሯሯጥ አውቃታለሁ!»

«እዚያ የሚከርሙ አሉ፣ ልትሆን ትችላለች።»

«እንዴት መጣች?»

«በርራ።»

«ባንክ ስቴትመንት ሳትጠየቅ?»

(ጋሼ ቪዛ ለማግኘት ምን ምን እንዳቀረበ አልዘረዝርም። ይህ ደስ የሚል ታሪክ ነው።)

ከሰዓት በኋላ ጋሼ እኔም ልመስክር አለ። ራንዲ «አንገተ ጥቁር ጠላቂ!» ብላ ከመጥራቷ «ታየ!» ብሎ በኖርዌይኛ ደነፋ፤ ቃሏን ከእኛ ለቅሟታል።

ራንዲ፦ ወዴት እየበረረ?

ጋሼ፦ (ካስተረጎመ በኋላ፣ እጁን ወደ ሰሜን ዘርግቶ) ወደ ወልዲያ!

ራንዲ፦ ውሃው ላይ ተኝቷል።

ጋሼ፦ ደክሞት ነዋ! ሲነሳ ወደ ወልዲያ ነው የሚሄደው!

ቶርጌር ሳቀ። ሳቁ ዝጎ ነበር፤ እየተንቋቋ ነው የወጣው። ራንዲ ግን ጣቷን ቀሰረች፦ «ከአሁን ጀምሮ የዚህ ሰው አፍ አይቆጠርም።» ተረጎምኩለት። ጋሼ ደረቱን ነፋ። መናኸሪያም እንዲህ ብለውት ነበርና።


፱

ቅዳሜ ምሽት። ፀሐይዋ መጥለቅ አቅቷት አድማሱ ላይ ተንጠልጥላለች። ጋሼ ካርታ እያደለ ጠየቀ፣ እኔ መሃል ሆኜ እተረጉማለሁ።

«ሟቹ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ቶርጌርን ይህን የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ነው። ከጥር ጀምሮ። ቶርጌር ካርታዎቹን በመዳፉ አለሰለሰ።

«ውሸታም።»

«እንዴት?»

«የመጨረሻዎቹን ዓመታት ዓይኑ በሰሜን በኩል ካለው ትልቁ አለት ወዲያ አያይም ነበር። እኔ ስጠራ ‘ታየ!’ ይላል። አላየም። እኔ አውቃለሁ። እሱም እንደማውቅ ያውቃል።» ራንዲን በጎን አያት። «የምታውቅ ሌላም ሰው ሳትኖር አትቀርም።»

ራንዲ ወዲያውኑ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች። ጫማዋ ቦት ነው። ክር የለውም።

«ታዲያ ምን ችግር አለው!» አለ ጋሼ። «ነገ አንተ ጥራ፣ እኔ ልበልልህ። እኔም ከሱ ባልበልጥ አላንስም።»

ቶርጌር ራሱን ነቀነቀ። «የኤይሊፍ ውሸት የኤይሊፍ ነው። ከሌላ ሰው ስሰማው ሐዘኔታ ይሆንብኛል። ከእንግዲህ የሚያይ ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ካርታውን ሳንቃው ላይ አጮኸና በኮንከር አሸነፈን።


፲

እሁድ። የመጨረሻው ቀን።

ነፋስ!

ራንዲ ድስት እየደበደበች ቀሰቀሰችን። ድስት! ራንዲ! ሌሊቱን ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ እያፏጨ ነው፤ በሩቅ ባሕር የሚያልፉትን ሁሉ ወደ ጠረፍ ይገፋልናል ማለት ነው። ዝናቡ በጎን ይዘንባል። የአንዱን ጫማ ሌላው አጥልቆ ወጣን።

አሁን ስለ ፖላርዩ ልንገርዎት፤ ሁላችንም የምንሞትለት ወፍ እሱ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም ደረት፣ አረማመዱ (በረራው ማለቴ ነው) የመናኸሪያ ጉልበተኛ የሚመስል። የበረዶውን ወራት ምዕራብ አፍሪካ ባሕር ላይ ያሳልፍና በግንቦት፣ እንዲህ ነፋስ ሲነፍስ፣ በመንጋ ሆኖ ወደ ሩሲያ ሰሜን ያልፋል። ሌሎች ወፎች ያጠመዱትን ዓሣ እየነጠቀ ይበላል። ጭራው ላይ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ላባዎች ጫፋቸው ተጠምዞ፣ ማንኪያ።

«ማንኪያውን ይዞ የሚዞር ሌባ!» አለ ጋሼ በአድናቆት።

ቶርጌርና ኤይሊፍ በየጸደዩ የሚጠብቁት እሱን ነበር። ሲያልፍ የቆጠራው ፋሲካ ነው።

ጀልባዋ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ጡሩምባዋን ስትነፋ ቆጠራው አበቃ።


፲፩

«ፖላርዩ!!» ራንዲ ናት።


        ˇ    ˇ  ˇ
              ˇ      ˇˇ    ˇ
      ˇ    ˇ      ˇ
                  ˇ   ˇ  ˇ


«ታየ! ታየ! ታየ! ኧረ ታየ!» እኔ ነኝ።

መጡ! ማዕበሉን እየታከኩ፣ እየወጡ፣ እየወረዱ፣ ማንኪያቸውን አንጠልጥለው! እንዲህ ቀርበው አይቻቸው አላውቅም! ዓይናቸው ይታያል! ጋሼ በአማርኛ «ሌባ! ሌባ! ያዘው!» እያለ ይዘላል።

ቶርጌር ቆሟል። በአንድ እጁ ካርታ፣ በሌላው ቴሌስኮፑን ይዞ። አፉ ግማሽ ድረስ ተከፍቷል፣ ማደንዘዣ እንደተወጋ ሰው።

ድምፅ አልወጣም።

አለፉ።


፲፪

ከዚያ ሁላችንም አበድን። ጋሼ ራንዲን አቀፋት። ራንዲ መልሳ አቀፈችው፤ ምናልባት በስሕተት። ነፋሱ ካርታውን ከሳንቃው አንስቶ በተነው።

በዚህች ደቂቃ ማን የት ነበር?

ራንዲ፦ ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጥታ በሬዲዮ ለሰሜኑ ጣቢያ «እየመጡላችሁ ነው!» እያለች ትጮኻለች።

ጋሼ፦ በአራት እግሩ፣ አለት ለአለት የልብ ንጉሥን እያሳደደ።

እኔ፦ ሻይ ስቀዳ። ግማሹን ጓንቴ ላይ።

ቶርጌር፦ ዓይኑ ቴሌስኮፑ ላይ።

ባሕሩ፦





                                        ˇ





፲፫

«ፖላርዩ!»

ድምፁን አላወቅነውም። ሦስታችንም ዞርን። ቶርጌር ነበር፤ አፉ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፣ እጁ ወደ ሰሜን ተዘርግቷል። «አንድ! ብቻውን! ከመንጋው ኋላ የቀረ! አሁን አለቱ ጋ ደረሰ!»

ራንዲ ሬዲዮውን ጥላ ወደ መነጽሯ ተወረወረች። እኔ ሻዩን ደፋሁት። አየን፣ አየን፣ አየን።

አለቱ።

አለቱ ብቻ። ወፉ ከአለቱ ጀርባ ገብቶ ሄዷል።

ማንም «ታየ» አላለም። ራንዲ የደንቡ እናት ናት፤ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ባሕር ማየት የተማርኩት ከእሱ ነው፤ ብዋሽ ገና ሳልጨርስ ያውቅብኛል። ጋሼ ጭቃ የነካው የልብ ንጉሥ በእጁ እንዳለ አፉን ከፈተ። ቶርጌር ጣቱን አነሳበት፣ የጥርስ ሐኪም እንደሚያደርገው፣ በቀስታ። ጋሼ አፉን ገጠመ።

ቶርጌር ከቴሌስኮፑ ሦስት እግሮች አንዱን አጠፈ።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የጀልባዋ አፍንጫ ብቅ አለ። ጡሩምባዋ ገና አልተነፋም።


፲፬

ጋሼ አግዳሚው ላይ ወጣ። ቁጥር አራት ላይ፣ በኤይሊፍ ቦታ፣ ሁለት እግሩን አንፈራጥጦ ቆመ። መዳፎቹን አፉ ላይ አድርጎ ደሴ መናኸሪያ እንዳለ፣ ተራራውን ተሻግሮ በሚሰማ ድምፅ፦

«አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ቀረ! አንድ ሰው!»

በሕይወቱ ይህን ሳይዋሽ ሲል የመጀመሪያው ነው።

ማንን እንደሚጠራ ለራንዲ መተርጎም አቃተኝ። ለእርስዎ ግን መተርጎም አያስፈልገኝም። እርስዎ ከቁጥር ሦስት ጀምሮ ብርድ ልብስ ጉልበትዎ ላይ አድርገው አብረውን ተቀምጠዋል። ሻይ አልቀዱም። ካርታ አላሳደዱም። ሬዲዮ አልያዙም። ቁጥር አሥራ ሁለት ላይ እኛ ስናብድ ዓይንዎ ነጩ ቦታ ላይ ነበር።

አለፈ ወይስ አላለፈም?

ካላዩ አይዋሹ፤ ቶርጌር ውሸት አልቆበታል። ካዩ ግን፣ ኧረ በእመቤቴ፣ የቴሌስኮፑን ሁለተኛ እግር እያጠፈ ነው፣ ጀልባዋም ልትነፋ ነው፣

አፍዎን ይክፈቱ።


፲፭

ቶርጌር፦ ፖላርዩ!

እርስዎ፦